የሸክላ ሀኑኪያ ሥራችን፣ ከስግድ እስከ ፋሲካ

ሔሽቫን 8

ዛሬ በይፋ ስለጀመርን መጻፍም ጀመርኩ፣ ቀኖቹ በአይሁድ አቆጣጠር ናቸው፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሰራ ሰው ካለ ይጠቅመዋል። የምሰራው ደቡብ እስራኤል ውስጥ ባለ አንድ ቲኮን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ነው፣ ሥራዬ ትምህርት ቤቱንና ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ማገናኘት ነው፣ መጋሼር ይሉናል። በየዓመቱ ከስግድ፣ ከቤተ እስራኤል የጸሎት በዓል፣ እስከ ፋሲካ ልጆቹ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሰራሉ፣ ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ካርቶን ይሞላል፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቱና፣ ከዛ በር ማንኳኳት፣ ከዛ ፎቶ።

አምና አንድ ቤት አብሬ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ካርቶኑን አስቀምጠው ሀግ ሳሜያህ፣ መልካም በዓል፣ ብለው ሊወጡ ሲሉ የቤቱ እመቤት በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው "እንዴ ሳትቀምሱማ አትወጡም" አሉ። ቡናው ተቆልቷል፣ ዳቦው ተቆርሶ ሰፌድ ላይ ቀርቧል። ልጆቹ ደግሞ ገና 14 ቤት ይቀረናል ብለው በእጃቸው ስር ሾልከው ሮጡ። እኔም አብሬ ወጣሁ። የሴትዮዋ ፊት እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፣ መቀበል ብቻ እንጂ መስጠት ተከለከሉ እኮ በገዛ ቤታቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ለርዕሰ መምህሯ አንድ ሀሳብ አቀረብኩ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የአረጋውያን ሞዓዶን፣ መሰብሰቢያ ማለት ነው፣ ውስጥ ሸክላ የሚያውቁ እናቶች አሉ፣ ከወለቃ የመጡም አሉ፣ ወለቃ ማለት ጎንደር አጠገብ ያለችው የቤተ እስራኤል ሸክላ ሰሪዎች መንደር ነች። እነሱ ያስተምሩ፣ ልጆቹ ሀኑኪያ፣ የሀኑካ በዓል መብራት ማስቀመጫ፣ ይስሩ፣ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ለፑሪም፣ ለአስቴር በዓል፣ እና ለፋሲካ እርዳታ ይዋል። እናቶቹ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሁግ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ ክፍል፣ አስተማሪ በሰዓት ይከፈላቸው። እዚህ ላይ ነው የተከራከርነው፣ "በፈቃደኝነት ቢመጡስ?" ተባልኩ፣ አይሆንም አልኩ። የትምህርት ቤቱ ራቭ፣ የሃይማኖት መምህሩ፣ ባይኖር አይሳካልኝም ነበር። ራምባም፣ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሊቅ፣ የጽዳቃን፣ የምጽዋትን፣ ደረጃ ስምንት አድርጎ ሲዘረዝር ከሁሉም በላይ ያስቀመጠው ሰውየው ከሰው እጅ እንዳይጠብቅ ሥራ መስጠትን ወይም ብድርና ሽርክናን ነው ብሎ መጽሐፉን ከፍቶ አነበበላት። ተፈቀደ።

ሔሽቫን 11

ሞዓዶን ሄድኩ። ሦስት እናቶች ይሆናሉ ብዬ ያሰብኳቸው አሉ። ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛዋ፣ ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚያውቁት፣ ጭቃ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ እዚህ መጥቼም ጭቃ ልንካ?" አሉኝ።

ገባኝ። እዛ ሀገር ሸክላ የሚሰራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበር፣ ገበያ ላይ ጀበናቸውን ይገዛቸዋል ግን ዓይናቸውን ይፈራል። ለእሳቸው ጭቃ ማለት ይሄ ስድብ ነው። አልተጫንኳቸውም፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ሲሸኙኝ ግን "አፈሩ ከየት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ሔሽቫን 15

ሦስተኛዋ እናት መጡ! ከዚህ በኋላ እማማ የምላቸው እሳቸውን ነው። "ለማየት ብቻ ነው" ብለው ነው የገቡት። ከሥነ ጥበብ ክፍሉ ከረጢት ውስጥ አንድ እፍኝ ጭቃ አንስተው በአውራ ጣታቸው ፈጩት፣ አሸተቱት፣ ከዛ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄ ቅቤ ነው፣ ብቻውን አይሆንም፣ ሲደርቅ ይነቃል አሉ። ገል አምጡ።

ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ስባሪ ነው። ልጆቹ ከግቢው ጀርባ የተሰባበሩ የአበባ ማሰሮዎች ለቀሙ፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከአያቱ ቤት ሙቀጫና ዘነዘና ይዞ መጣ፣ ሲወቅጡ ዋሉ፣ በወንፊት ነፉት፣ ጭቃው ላይ እየነሰነሱ አቦኩት። ሥራው ምን መሰላችሁ፣ የተቃጠለ ገል ዳግመኛ አይኮማተርም፣ ስለዚህ ጭቃው ሲደርቅ በጣም እንዳይሸበሸብ ይይዘዋል፣ እሳት ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንፋሎት መውጫ ቀዳዳ ይከፍትለታል። የሥነ ጥበብ መምህሯ ይሄን በሌላ ስም ከሱቅ ነው የምትገዛው፣ እማማ ግን ስሙንም ሥራውንም የሚያውቁት ከእናታቸው ነው።

እና ከመቀነታቸው ውስጥ አንድ ነገር አወጡ። የእርግብ እንቁላል የምታክል ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ጎኗ ከመለስለስ ብዛት ያበራል። ሸክላው እየደረቀ ሳለ የሚታሽበት ማለስለሻ ነች። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጡት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው የመጣበት፣ ሰዉ ያለ ሻንጣ የለበሰውን ብቻ ይዞ ነው አውሮፕላን የገባው። እኔም በዛው ቀን የ7 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት፣ ምንም ይዤ አልመጣሁም። እሳቸው ይችን ድንጋይ ይዘው መጥተው ከ30 ዓመት በላይ መቀነታቸው ውስጥ አስረዋት ኖሩ። ጭቃ አልነካም እያሉ ድንጋዩን ግን አልጣሉትም።

ሔሽቫን 29፣ ስግድ

ዛሬ ሸክላ የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሁለት አውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ሁሉም የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች፣ ከየትም የመጣ ቤተሰብ ይኑራቸው፣ እናቶቹም አብረውን። ከዮም ኪፑር፣ ከስርየት ቀን፣ በኋላ 50ኛው ቀን ነው። ክኔሴቱ፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው በኋላ ትምህርት ቤቶች መምጣት በዝተዋል፣ ግን ብዙዎቹ ልጆች ለሽርሽር ነው የሚያዩት፣ እኛ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረን ስናስረዳ ነበር።

እማማ አውቶቡስ ውስጥ የነገሩን ነገር ልጆቹን ዝም አሰኛቸው። ጎንደር አካባቢ ባለችው አምቦበር ላይ ወደ ተራራው ስንወጣ ድንጋይ ተሸክመን ነበር የምንወጣው አሉ፣ ራሳችን ላይ ወይ ትከሻችን ላይ፣ በፈጣሪ ፊት ዝቅ ለማለት። ተራራው ላይ ሆነን ወደ ኢየሩሳሌም ነበር የምንሰግደው፣ የት እንዳለች ግን አይተናት አናውቅም። ከዛ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሀነጺቭ የሚባለው ከፍታ ላይ ስንደርስ ሜዳው ላይ ቆመው በጣታቸው አሳዩ፣ ያቻት። የቤተ መቅደሱ ተራራ ፊት ለፊት ነው የሚታየው ከዛ ቦታ። አንድ ከሩሲያ የመጣ ቤተሰብ ያለው ልጅ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ፣ ማንም አላዘዘውም፣ ከዛ ሌሎቹም አነሱ።

ቄሶቹ፣ የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ ባለቀለም ጃንጥላቸው ስር ሆነው ኦሪቱን በግዕዝ አነበቡ፣ ከነህምያም ሕዝቡ ቃል ኪዳኑን ያደሰበትን። እናቶቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይሰግዳሉ። መጾም የፈለጉ ልጆች እስከ ከሰዓት ጾሙ፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ዳቦው ተቆረሰ። እናቶቹ ሌሊቱን ሲጋግሩ ያደሩት 9 ትልልቅ ዳቦ ነው የያዝነው፣ ለኛ ልጆች ነበር፣ ግን እማማ በአጠገባችን የሚያልፈውን ሁሉ "ና ቅመስ" እያሉ ወታደሩንም ፖሊሱንም ቱሪስቱንም አበሉት። ልጆቹ በመጨረሻ ራሳቸው ሰፌዱን ይዘው ዞሩ። ለከርሞ ያድርሰን።

ኪስሌቭ 7

ሦስት ሳምንት አይሞላም የቀረን። ቅርጹ ተወስኗል፣ እማማ ናቸው የወሰኑት፣ እንስራ ያዘሉ ስምንት ሴቶች በሰልፍ፣ የያንዳንዷ እንስራ አፍ ነው መብራቱ የሚቀመጥበት። ሻማሹ ማለት ሌሎቹ የሚለኮሱበት ዘጠነኛው ደግሞ ቄስ ነው፣ ጥምጥሙ ላይ ጉድጓድ አለው፣ ከሴቶቹ ከፍ ብሎ ለብቻው ይቆማል። ስምንቱ በአንድ መስመር እኩል ከፍታ መሆን አለባቸው፣ መብራቶቹም እንዳይቀላቀሉ ተራርቀው፣ ይሄን ራቭ መጥቶ በማስመሪያ ለካልን።

የመጀመሪያው ዙር 11 ሀኑኪያ እቶን ገባ፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው፣ እስከ 1000 ዲግሪ። ጠዋት ስንከፍተው 4ቱ ፈንድተዋል። የሴቶቹ ገላ ተበታትኖ የጎረቤቶቹን እንስራ ሰባብሯል። አንዷ ልጅ አለቀሰች፣ አስር ቀን የሰራችው ነው።

ምክንያቱ፦ የሴቶቹን ገላ ድፍን አድርገው ወፍራም ሰርተውት ነበር፣ ከላይ ደርቋል ከውስጥ ግን እርጥብ ነው፣ ውሃው እንፋሎት ሲሆን መውጫ አጥቶ ሸክላውን አፈነዳው። እኛም ቸኩለን ነው ያስገባነው። እማማ አልተቆጡም። ያልተቃጠለ አንድ ሀኑኪያ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስነኩት፣ ከዛ የልጅቷ ጉንጭ ላይ። "ቀዘቀዘሽ?" አዎ አለች። "እንግዲያው ገና ነው።" በቃ መመሪያው ይሄ ነው፣ ጉንጭ ላይ ከቀዘቀዘ ውሃ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ ገላው ከስር በማንኪያ ጫፍ ይፈለፈላል፣ ማንም ጉንጩን ሳያስነካ ወደ እቶን አያስገባም፣ እቶኑም እስከ 100 ዲግሪ ድረስ በጣም ቀስ ብሎ ይወጣል።

ስባሪውን ልንጥል ስንል እማማ ከለከሉን። ገል ነው እኮ። በጆንያ ተቀመጠ።

ኪስሌቭ 10

ያላሰብነው ችግር መጣ። ራቭ ሹልሀን አሩኽን፣ የአይሁድ ሕግ መጽሐፉን፣ ይዞ መጣ፣ የሸክላ መብራት አንድ ሌሊት ከበራበት አሮጌ ይሆናልና በሌላ ሌሊት አይበራበትም ይላል። ሸክላ ዘይቱን ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ለምጽዋ፣ ለትእዛዙ ማለት ነው፣ ክብር አይሆንም። የተቀባ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ከሆነ ይቻላል፣ የኛ ግን ቀለም የለውም በድንጋይ የታሸ ነው። ልጆቹ ደነገጡ። ቀለም እንቀባው የሚል ነበር፣ እማማ ግን የድንጋዩን መልክ መሸፈን አልፈለጉም፣ እኔም አልፈለግሁም።

መፍትሄው ቀላል ሆነ። ትንንሽ የብርጭቆ ኩባያዎች ይሸጣሉ፣ የወይራ ዘይት የሚገባባቸው፣ እነሱን እንስራው ውስጥ ማስቀመጥ። መብራቱ ብርጭቆው ነው፣ ሸክላው ተሸካሚ ብቻ ነው። ለያንዳንዱ ሀኑኪያ 9 ኩባያ። ግን የእንስራው አፍ ሁሉ በኩባያው ልክ መስፋት አለበት፣ ስለዚህ ገና ያልደረቁት በሙሉ አፋቸው እንዲሰፋ ተደረገ፣ ደርቀው የነበሩት ተመልሰው ተነክረው ቦኩ። ሁለት ቀን ከሰርን።

እማማ ይሄን ሕግ ሲሰሙ ግን ምንም አልገረማቸውም። "እኛም ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብረን አዲስ ነበር የምንሰራ" አሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ ይሰበር ይላል፣ ሸክላ የጠጣውን አይመልስም። ራቭ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቃቸው፣ ማን ይሰብር ነበር፣ መቼ፣ ስባሪው የት ይገባል። እሱ መጽሐፍ ላይ ነው የሚያውቀው፣ እሳቸው በእጃቸው ሰብረውታል። እኔ እያስተረጎምኩ ነበር፣ ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ ያለኝ ያቺ ሰዓት ነች።

ኪስሌቭ 21

ባዛሩ አለቀ። 34 ሀኑኪያ ደርሶልን ነበር፣ 31 ተሸጠ፣ ሦስቱ ለሞዓዶኑ፣ ለርዕሰ መምህሯ ቢሮና ለእማማ ቤት ሆኑ። ዋጋውን ልጆቹ ዝቅ ሊያደርጉት ነበር፣ ለእርዳታ ስለሆነ ምናምን ብለው። አይደለም አልኳቸው፣ ለእርዳታ ስለሆነ አይደለም የሚገዛው፣ ጥሩ ሥራ ስለሆነ ነው። በሙሉ ዋጋው ሄደ።

ኪስሌቭ 25 እስከ ማታ 8ኛው

በየማታው ሞዓዶን ውስጥ ማብራት። እናቶቹ ሀኑካን እዚህ ነው የተማሩት፣ ቤተ እስራኤል ከሌላው አይሁድ ተለይቶ የኖረ ማህበረሰብ ስለሆነ እዛ አይታወቅም ነበር፣ እና ልጆቹ በረከቱን ለነሱ ቀስ እያሉ ሲያስተምሩ ደግሞ እናቶቹ ተማሪ ሆኑ። እንዲህ ሲቀያየር ጥሩ ነው። በጠቅላላው በስምንቱ ሌሊት 44 መብራት ይበራል ሻማሹን ጨምሮ፣ አንዱ ልጅ ለሂሳብ መምህሩ በቀመር አስልቶ አሳየው።

ሽቫት 15

የዛፎች በዓል ነው፣ ችግኝ ተከልን፣ ዘነበብን፣ ደስ አለን።

አዳር 2

ሁለት ነገር ሆነ ዛሬ።

አንደኛው እማማ የደመወዝ ትሉሻቸውን፣ የክፍያ ወረቀቱን፣ ይዘው መጡ። የመጀመሪያቸው ነው በሕይወታቸው። አንብቢልኝ አሉኝ። እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ፣ ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት፣ ምን ተቆረጠ። ሥራው የሚለው ቦታ ላይ "የሸክላ አስተማሪ" ተብሎ ተጽፏል። እሱን ድጋሚ አንብቢው አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዛ በአራት አጥፈው ድንጋዩ ያለበት መቀነት ውስጥ ከተቱት። እዚህ ጋ ለምትሰሩ ሰዎች አንድ ነገር፣ አረጋውያን የገቢ ማሟያ የሚቀበሉ ከሆነ ከተወሰነ መጠን በላይ ደመወዝ ሲመጣ ማሟያው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አስሉ። እኛ ሰዓቱን ለሦስቱ እናቶች ከፋፈልነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ለፑሪም ማታኖት ላኤቭዮኒም፣ ለድሆች የሚሰጠው ስጦታ ማለት ነው፣ የቤተሰቦቹ ዝርዝር መጥቶ ነበርና ልጆቹ ፖስታ ላይ ስም እየጻፉ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አንዱ ገጽ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ወጣች። ውሃ መጠጫው ጋ አገኘኋት። ቧንቧውን ከፍታ አትጠጣም፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። "የአያቴ ስም አለ፣ ሁሉም አይተውታል" አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያንን ዝርዝር ለልጆች መስጠት አልነበረብኝም። አምና ካርቶኑን የተቃወምኩ ሰው ነኝ፣ ዘንድሮ ደግሞ ስማቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ማታ ደግሞ አያትየዋን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኩ።

አዳር 5

አዲሱ አሰራር። ዝርዝሩ ሁለት አዋቂ ጋ ብቻ ይቀመጣል። ካርቶን የለም፣ የሱቅ ካርድ ነው፣ ሰው የሚፈልገውን ይግዛ፣ በታሸገ ፖስታ። ማታኖት ላኤቭዮኒም በፑሪም ቀን መድረስ ስላለበት በዛው ጠዋት እኛ ሁለታችን ፖስታ ሳጥን ውስጥ እንከታለን፣ በር አይንኳኳም። ልጆቹ ደግሞ ሚሽሎአህ ማኖት፣ በፑሪም ለሰው የሚላከውን ምግብ፣ ነው የሚያደርሱት፣ ሕጉ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት ምግብ ነው፣ እኛ ቁራሽ ዳቦና ብርቱካን አደረግን፣ ግን ለተቸገረ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ላለ ቤት ሁሉ፣ ለሀብታሙም ለዶክተሩም። ማን የተቸገረ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ትንሽ ያደረግነው ደግሞ ራምባም ከግብዣውና ከሚሽሎአህ ማኖቱ ይልቅ ለድሆች የሚሰጠውን ማብዛት ይሻላል ስላለ ነው፣ የተረፈው ሁሉ ካርዱ ላይ ተጨመረ።

አንድ ሕግ ደግሞ ጨመርን። ሰው ቤት ስትገቡ የቀረበላችሁን ትቀምሳላችሁ። ቸኩላችሁ ከሆነ ቤት ቁጥሩን ቀንሱ።

አዳር 14፣ ፑሪም

እናቶቹ እዛ ሀገር የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር፣ ጭፈራውና አልባሳቱ ግን እዚህ የተገኘ ነው፣ ስለዚህ ትናንት ጾመው ዛሬ መጊላውን፣ የአስቴርን መጽሐፍ፣ ከልጆቹ ጋር ሰሙ። እያንዳንዱ ቡድን የተሰጠው 5 ቤት ብቻ ነው። የመጨረሻው ቡድን የተመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ በየቤቱ ቡና ጠጥተው። አምና የሮጥንበት ቤትም ሄደዋል። ምን አቀረቡላችሁ ስላቸው አንዱ ዝም ብሎ ሆዱን አሳየኝ።

ኒሳን 4

ቅምሀ ዲፍስሀ፣ በአራማይክ የፋሲካ ዱቄት ማለት ነው፣ ለፋሲካ ለተቸገረ መስጠት የድሮ ልማድ ነው። የሀኑኪያው ቀሪ ገንዘብ በሙሉ ወደ ካርድ ተቀየረ፣ እንደ ፑሪሙ አሰራር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ደግሞ እማማ ከደመወዛቸው አምጥተው ከተቱ። ልጁ "አይ እርስዎ አይጠበቅብዎትም" ሊላቸው አፉን ሲከፍት ራቭ በዓይኑ ዝም አሰኘው። ከጽዳቃ የሚኖር ሰው እንኳ ለሌላ ጽዳቃ ይሰጣል ነው ሕጉ። እሳቸው ደግሞ ደመወዝተኛ ናቸው።

ኒሳን 9

እማማ ለፋሲካ አንድ አዲስ የሸክላ ድስት እፈልጋለሁ አሉ፣ እንደ ድሮው። ከመጣሁ ጀምሮ ሰርቼ አላውቅም አሉ። የኪስሌቩን የፈነዳ ሀኑኪያ ከጆንያው አውጥተን ወቀጥነው፣ ነፋነው፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር አቦኩት። ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ናት የወቀጠችው። ዝርዝሩ ላይ የአያቷን ስም ያየችውም አብራ ነበረች፣ አያቷን ይዛ መጥታለች፣ አያትየዋ ሸክላ አያውቁም ግን አስተያየት ይሰጣሉ፣ ከንፈሩ ወፈረ፣ ጆሮው ጠመመ እያሉ። ድስቱ በእጅ እየተዞረ ተሰራ፣ በድንጋዩ ታሸ፣ ከጥላ ስር ተቀመጠ።

ኒሳን 12

ጠዋት ጉንጭ ላይ አልቀዘቀዘም። አራት ሰው ነው ያረጋገጠው። ገባ፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ማታ ጠፋ።

ኒሳን 13

ቢዑር ሀሜጽ፣ ከፋሲካ በፊት እርሾ ያለበትን ማስወገድ፣ ነገ ጠዋት ነው፣ ቤቴ ገና አልጸዳም፣ ግን እቶኑ ጋ ነኝ። ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይከፈትም፣ ትኩስ ሸክላ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ይነቃል። እማማ ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለዋል፣ ማሟሻ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ ለፋሲካ የሚሆን፣ ገና ያልተከፈተ። ልጆቹ በየ10 ደቂቃው እየመጡ ስንት ነው ይላሉ። አሁን 140 ላይ ነው።